ማህፀን ሲያም፣ ባሕር ዳር ላይ የቱ በር ይንኳኳ?

"ጎበዝ የማህፀን ሐኪም ታውቂልኛለሽ?" ባሕር ዳር ውስጥ ሴቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከሚጠያየቋቸው ነገሮች አንዱ ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ስም ነው። "እገሌ ጋ ሂጂ፣ እጁ መድኃኒት ነው" ይባላል። ሰውየው እውነትም ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ግን የጎረቤትሽን እጢ ያወጣ ሐኪም ላንቺ ችግር ትክክለኛው ሰው ላይሆን ይችላል። ማህፀን አንድ ቢሆንም ሕመሙ ብዙ ነው። እጢ አለ፣ መውረድ አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ ካንሰር አለ። የማህፀን የሚመስል ግን ከፊኛ ወይም ከአንጀት የመጣ ሕመምም አለ። ለእያንዳንዱ የሚንኳኳው በር ይለያያል።

ስለዚህ እኔ ብጠየቅ መጀመሪያ ስም አልሰጥም። "ምን ሆነሽ ነው?" ነው የምለው።

"ወገቤን ነው"

ችግሩ እዚሁ ላይ ይጀምራል። ብዙ ሴት ምን እንደሆነች በሰው ፊት አትናገርም። በአንድ ጤና ጣቢያ ጠዋት የሚሆነውን እንይ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ነርሷ ካርድ ላይ እየጻፈች፣ ቀና ሳትል ትጠይቃለች።

"ምንሽን ነው እናቴ?"

"ወገቤን ነው፣ ሲስተር።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ቆይቷል። ሆዴንም ይቆርጠኛል።"

ከኋላዋ የሰፈሯ ሰው ቆሟል። እንዴት ብላ ትናገር? ደሟ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልቆመም። ጋቢ ደርባ የመጣችው በርዷት አይደለም፣ ልብሷ እንዳይታይባት ነው። ካርዷ ላይ ግን "የወገብ ሕመም" ተብሎ ተጻፈ። ማስታገሻ ይዛ ትመለሳለች። በሌላ ወር ደግሞ ትመጣለች።

"የሴት ነገር ስለሆነ ለብቻ ልንገርሽ" ማለት ይበቃል። የትኛዋም ነርስ ይገባታል። ዝርዝሩን በሩ ከተዘጋ በኋላ ትናገሪያለሽ። የሚያይሽ ወንድ ከሆነና ከከበደሽ ሴት ባለሙያ ካለች ጠይቂ፤ ከሌለች እህትሽን ወይም ጓደኛሽን ይዘሽ ግቢ። ሁልጊዜ ይሳካል አልልም፣ መጠየቅ ግን መብትሽ ነው።

ገና እንደተቀመጥሽ የምትጠየቂው ቀን ነው። የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው? ስንት ቀን ቆየ? ከዚያ በፊት የነበረውስ? "እኔ እንጃ፣ ባለፈው ወር መሰለኝ" ከሆነ መልሱ ሐኪሙ በጨለማ ነው የሚሄደው። ስልካቸው ላይ የሚመዘግቡ አሉ፣ ጥሩ ነው። ስልክ የሌላት እናት ደግሞ ከስልክ የማይተናነስ መዝገብ አላት። የእኛ ወር ሁሌም 30 ቀን ነው፣ ቀኑም ስም አለው። "በአቦ መጣ፣ እስከ ሚካኤል አልቆመም" ካለች ከ5 እስከ 12 ስምንት ቀን መሆኑ ነው። ከሰባት ቀን በላይ የሚቆይ ደም ረዝሟል ይባላል። "ከዚያ በመድኃኔዓለም እንደገና መጣ" ብትል ደግሞ ከ5 እስከ 27 ድረስ 22 ቀን ብቻ ነው። ከአንዱ መጀመሪያ እስከ ሌላው መጀመሪያ የሚጠበቀው ከ24 እስከ 38 ቀን ነው፤ እሷ ጋ ፈጥኗል ማለት ነው። ጳጉሜን ብቻ እንዳትረሳ።

መጠኑንም ቢሆን "ብዙ ነው" ማለት ለሐኪም ብዙ አይነግረውም። "ሞዴስ በየሰዓቱ እቀይራለሁ"፣ "ሌሊት ሁለቴ እነሳለሁ"፣ "የረጋ ደም ቁርጥራጭ ይወጣል" ሲባል ነው የሚገባው። ጨርቅ የምትጠቀሚም ከሆነ በቀን ስንት እንደምታጥቢ ንገሪው። የምትወስጂውንም መድኃኒት አትደብቂ፤ በተለይ የወሊድ መከላከያ። የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ደምን ያዛባሉ፣ ያቋርጣሉ፣ አንዳንዴም ያንጠባጥባሉ። ሆርሞን የሌለው ሉፕ ደግሞ የወር አበባን ሊያበዛ ይችላል። ባልሽ የማያውቀው መከላከያ ከሆነ ባልሽን ውጭ አስቀምጠሽ ተናገሪ። ይህ ሳይነገር ቀርቶ ስንት ምርመራ ይባክናል።

ደም ሲበዛ

ደም መብዛት ራሱ በሽታ አይደለም፣ ምልክት ነው። በመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ስትመጣ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረግላታል። "እኔ እርጉዝ አይደለሁም" ብትይም አይከፋሽ። ከማህፀን ውጭ የተያዘ እርግዝና በደምና በአንድ ጎን ሕመም ሊጀምር ይችላል፤ ካመለጠ ደግሞ ይገድላል። ቀጥሎ የደም መጠን ይለካል። ነፍሰ ጡር ያልሆነች ሴት ሄሞግሎቢኗ (የደም መጠን መለኪያው) ከ12 በታች ከሆነ የደም ማነስ አለባት ይባላል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ወፈር ማለት ስላለበት መለኪያው እዚህ እንዲያውም ትንሽ ከፍ ይላል። 12 ገብቶልኛል ብሎ መተኛት አይቻልም ማለት ነው።

ከምክንያቶቹ ሁሉ ስሙ በብዛት የሚነሳው ማዮማ ነው። ከማህፀን ጡንቻ የሚያድግ እጢ ነው። ካንሰር አይደለም፤ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉም እጅግ ትንሽ ነው። 50 ዓመት እስኪሞላቸው ከግማሽ በላይ የሚሆኑ ሴቶች ይኖርባቸዋል፤ በጥቁር ሴቶች ላይ ደግሞ ቀደም ብሎና በርከት ብሎ ይታያል። አብዛኞቹ ሳያውቁት ነው የሚያረጁት። ስለዚህ "ማዮማ አለብሽ" የሚለው ወረቀት ብቻውን የሚያስለቅስ አይደለም። መጠየቅ ያለበት የት ነው የተቀመጠው የሚለው ነው። ወደ ማህፀን ውስጠኛ ክፍል የገፋ ትንሽ ማዮማ ብዙ ደም ያፈሳል፣ ጽንስም ሊከለክል ይችላል። ወደ ውጭ ያደገ ትልቅ ማዮማ ደግሞ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ፊኛን ተጭኖ ሽንት ቶሎ ቶሎ ያስሸናል፣ ወይም ሆድ ያደርቃል። "ሆዷ ገፍቷል፣ ሳታረግዝ አትቀርም" የተባለች ስንት ሴት አለች!

ሕክምናውም እንደ ሴቷ ነው። ምልክት ከሌለው ዝም ብሎ መከታተል አንድ ሕክምና ነው። ደሙን የሚቀንሱ ክኒኖች አሉ፤ ትራኔክሳሚክ አሲድ የሚባለው ደም በሚበዛባቸው ቀናት ብቻ ይወሰዳል። ሆርሞን ያለው ሉፕም ይረዳል፣ ሁሉም ቦታ ግን አይገኝም። የወር አበባ ሲቆም ማዮማ መኮማተር ይጀምራል። ስለዚህ የ49 ዓመት ሴት በመድኃኒት ጊዜ መግዛት ትችላለች። ልጅ የምትፈልግ የ29 ዓመት ሴት ግን ሌላ ስሌት አላት። ለእሷ ማህፀኑ ሳይነካ እጢው ብቻ የሚወጣበት ቀዶ ሕክምና አለ። ሁለት ነገር ግን ቀድሞ ሊነገራት ይገባል። እጢው እንደገና ሊበቅል ይችላል። ማህፀኑ ላይ በጥልቀት ከተቆረጠ ደግሞ በሚቀጥለው በምጥ ሳይሆን በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ትመከራለች።

እስከዚያው ደሟን መተካት አለባት። የአይረን ክኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጪ። በቡና ወይም በሻይ ግን አይዋጥም። ቡና አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይይዘዋል፤ አንድ ሁለት ሰዓት ማራቅ ነው። በሎሚ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ቢዋጥ ይሻላል። ዘጌ ተወልዶ ቡና ማራቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ቡናው ጥፋት የለበትም፣ ሰዓቱ ነው እንጂ።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። የወር አበባዋ ቆሞ ዓመት ያለፋት ሴት ደም ካየች፣ አንዲት ጠብታም ብትሆን፣ ማዮማ ነው ወይም ዕድሜ ነው ተብሎ አይታለፍም። እንዲህ ካዩት ውስጥ ከአሥሯ አንዷ ገደማ ካንሰር ይገኝባታል። ከማህፀን ግድግዳ ናሙና ተወስዶ መመርመር አለበት። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደምም እንዲሁ የማህፀን በር መታየት አለበት የሚል ምልክት ነው። እናቶቻችን ግን "ልጅነቴ ተመለሰ" እያሉ ይስቁበታል። አያስቅም።

የማህፀን በር ካንሰር ከሌሎቹ የሚለየው ሳይመጣ ሊያዝ በመቻሉ ነው። የሚያመጣው ኤችፒቪ የሚባል በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ ከአሥር ዓመት በላይ ይወስዳል። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ምንም ሳያማት ልትመረመር ይገባል። ብዙ ጤና ተቋም ውስጥ የሚሠራው ምርመራ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ የማህፀን በሩ ላይ ተቀብቶ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚጠበቅበት ነው። የነጣ ቦታ ከታየ ብዙ ጊዜ እዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በማሞቅ ይታከማል። ኤችአይቪ በደሟ ያለባት ሴት ቀደም ብላ ትጀምራለች፣ ቶሎ ቶሎም ትመረመራለች። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀምሯል። ልጅሽ ትምህርት ቤት ላይ ሲሰጣት "መካን ያደርጋል" የሚል ወሬ ሰምተሽ አታስቀሪያት።

የወረደ ማህፀን

ይህ በጣና ዙሪያ ገጠር ብዙ ያለ፣ በጣም ጥቂት የሚወራለት ችግር ነው። "የሚወጣ ነገር አለኝ" ይላሉ እናቶች። ሲቆሙ፣ ሲያስሉ፣ ውሃ ሲሸከሙ ከታች የሚገፋ ነገር ይሰማቸዋል። ሲተኙ ይመለሳል። ምክንያቱ ማህፀንን የሚደግፉት ጡንቻዎችና ጅማቶች መላላት ነው። ብዙ መውለድ፣ የረዘመ ምጥ፣ ገና አራስ ሆኖ ሥራ መጀመር፣ የማያቋርጥ ሳልና የሆድ ድርቀት ሁሉ ያላሏቸዋል። ቢጫዋ ጀሪካን 20 ሊትር ከያዘች 20 ኪሎ ናት፤ በቀን ሦስቴ ስትመላለስ አስቢው።

ቶሎ ከተደረሰበት ያለ ቢላ የሚረዳ ነገር አለ። አንደኛው ሽንት እንደሚይዙ አድርጎ የታችኛውን ጡንቻ ጨምቆ መያዝ ነው። እስከ አምስት ቆጥሮ መልቀቅ፣ አሥር ጊዜ መደጋገም፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ ቅዳሴ ላይም ማድረግ ትችያለሽ፣ ማንም አያውቅብሽም። ለውጡ የሚታየው ግን በሳምንት ሳይሆን በወራት ነው። ሁለተኛው ፔሳሪ የሚባል የላስቲክ ቀለበት ነው። ባለሙያ ለክቶ ውስጥ ያስቀምጠዋል፣ ማህፀኑን ደግፎ ይይዛል፣ በየጊዜው እየወጣ ይታጠባል። ብዙ ወጥቶ ከቆየ ግን ቀዶ ሕክምና ይመጣል። እሱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ማህፀኑን የሚያወጣም፣ ሳያወጣ የሚሰቅልም አለ።

መውረድና ፊስቱላ ይምታታሉ። ልዩነቱ ቀላል ነው። በመውረድ የሚገፋ ነገር አለ፣ ሽንትም በሳልና በሳቅ ጊዜ ሊያመልጥ ይችላል። በፊስቱላ ደግሞ ሽንት ወይም ሰገራ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ይፈሳል። የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ከረዘመና ከተጨናነቀ ምጥ በኋላ ነው። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ከአዲስ አበባ ውጭ የከፈተው የመጀመሪያው ማዕከል እዚሁ ባሕር ዳር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005። ፊስቱላን በነፃ ያክማሉ፣ የወረደ ማህፀንም ያያሉ። መንደርሽ ውስጥ በሽንት ምክንያት ከሰው የተለየች ሴት ካለች ለጤና ኤክስቴንሽኗ ንገሪልኝ።

አልትራሳውንድ በአልትራሳውንድ ላይ

የከተማው ልማድ ደግሞ ሌላ ነው። አንዷ ቦርሳዋን ስትከፍት ከአራት ክሊኒክ የተሰበሰበ የአልትራሳውንድ ወረቀት ይወጣል። አንዱ "ሲስት" (ውሃ የቋጠረ ከረጢት) ይላል፣ አንዱ "ኢንፌክሽን"፣ አንዱ "ማህፀን ወደ ኋላ የዞረ"። በየወረቀቱ መርፌ ተወግታለች። አንዳቸውም ግን አልጋ ላይ አስተኝተው፣ የማህፀን በሯን በመሣሪያ ከፍተው፣ በእጅ ዳስሰው አልመረመሯትም።

እኔ ባለሙያን የምመዝነው በዚህ ነው። አልትራሳውንድ ጥሩ ዓይን ነው፤ እጢን፣ ሲስትን፣ እርግዝናን ያያል። የማህፀን በር ካንሰርን መጀመሪያው ላይ ግን አያይም። ኢንፌክሽንን ብዙ ጊዜ አያይም። ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለውንም ላያይ ይችላል። ይህ የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ በቅሎ በየወሩ የሚያቆስልበት ሕመም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ገደማ እንዳለባቸው ይገምታል። የወር አበባ ሕመሟ ከትምህርት ቤት የሚያስቀራት፣ በግንኙነት ጊዜ በጥልቀት የሚያማት፣ ሰገራ ስትቀመጥ የሚወጋት ልጅ አልትራሳውንዷ "ንጹሕ ነው" ስለተባለ ብቻ "ስታገቢ ይተውሻል" ተብላ መሸኘት የለባትም።

"ዞሯል" የሚለውንም ልጨርሰው። ከአምስት ሴቶች የአንዷ ገደማ ማህፀን ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው፤ አፈጣጠር ነው። ብቻውን ከሆነ መካን አያደርግም፣ መድኃኒትም አያስፈልገውም። ሆድ የሚያሹ ሰዎች ዘንድ ሄዶ "ማስመለስ" ደግሞ ሕመም ከማምጣት በቀር የሚያመጣው የለም። እንቁላል ማምረቻ ላይ ያለ ትንሽ ውሃ የቋጠረ ሲስትም በመውለድ ዕድሜ ብዙ ጊዜ በሁለት ሦስት ወር ውስጥ ራሱ ይጠፋል። በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ሲኖር ደግሞ ባልም አብሮ መታከም አለበት። እሷ ብቻዋን ስትወጋ፣ እሱ መልሶ ሲሰጣት ዓመት ያልፋል።

ልጅ እምቢ ሲልም ወረቀት የምትሰበስበው እሷ ናት። ዓመት ሙሉ ተሞክሮ ካልመጣ፣ ከ35 በላይ ከሆነች ስድስት ወር፣ ሁለቱም ይመረመሩ። የወንዱ ምርመራ ርካሽና ቀላል ነው። የእሷ ቱቦ ራጅ ከመነሳቱ በፊት የእሱ ቢሠራ ስንት ብርና እንባ ይተርፋል! ከዚህ አልፎ የቤተ ሙከራ ጽንስ ለሚያስፈልጋቸው አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተ የመንግሥት ማዕከል አለ።

ጠበልን በተመለከተ አጭር ቃል። አንዳሳ ጊዮርጊስ ሱባኤ የምትገባ ሴት ክኒኗን ይዛ ትግባ። ደም እየፈሰሳት ግን ሱባኤው እስኪያልቅ አትጠብቅ።

በሮቹ

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ። ድንገተኛ ከሆነ ደረጃ የለም፣ ሪፈር የለም። ሞዴስ በሰዓት እየራሰ ሁለት ሰዓት ካለፈ፣ ራስሽን ካዞረሽ፣ የወር አበባ ቀርቶ ከባድ የሆድ ሕመም ከመጣ፣ ትኩሳትና መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ከታየ የሚኬደው በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። የመራዊ፣ የአዴት፣ የአዲስ ዘመን ሰው እዚያው ያለውን ሆስፒታል ትቶ ወደ ባሕር ዳር መሮጥ የለበትም። እንዲህ ባሉ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የማህፀን ስፔሻሊስት ባይኖር እንኳ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሰለጠኑ ባለሙያዎች አሉ። ሕይወት ያተርፋሉ።

ድንገተኛ ካልሆነ ጤና ጣቢያ ጀምሪ። ይህን ስል ብዙዎች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ግን የማህበረሰብ ጤና መድህን አባል ከሆንሽ ሪፈር ሳትይዢ ትልቁ ሆስፒታል ብትሄጂ ከኪስሽ ልትከፍይ ትችያለሽ። የሪፈር ወረቀቱንና የታደሰውን የመድህን መታወቂያ ይዘሽ ሂጂ። የማህፀን በር ምርመራና የደም ምርመራም እዚያው ሊያልቅልሽ ይችላል።

ባሕር ዳር ላይ ሪፈር የሚጻፍባቸው ሁለቱ ትልልቆች ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ናቸው። ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ነው፤ ጥበበ ጊዮን ደግሞ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው፣ ወጣ ብሎ በአዴት መስመር። ባጃጅ ከመሳፈርሽ በፊት ወረቀትሽ ላይ የቱ እንደተጻፈ አንብቢ፤ ተቃራኒ ጫፍ ደርሶ መመለስ አለ። ሁለቱም ሐኪም የሚሠለጥንባቸው ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያይሽ ወጣት ሊሆን ይችላል። "ለተማሪ ሰጡኝ" ብለሽ አትናደጂ። ሬዚደንት ማለት ሐኪምነቱን ጨርሶ በማህፀንና ጽንስ ለአራት ዓመት እየሠለጠነ ያለ ሰው ነው። ታሪክሽን ከማንም በላይ በትዕግሥት የሚሰማሽም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ውሳኔው ላይ ግን "ሲኒየሩ አይቶኛል ወይ?" ብለሽ ጠይቂ። አልጋው ዙሪያ ተማሪ ሲበዛ ደግሞ "ሁለት ብቻ ይቁሙ" ማለት ትችያለሽ።

የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት አብዛኛውን ችግር ይጨርሳል። ከእሱ በላይ የሚያስፈልግሽ ጥቂት ጊዜ ነው። ካንሰር ከተገኘ የማህፀን ካንሰር ሰብ ስፔሻሊስት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በማን እጅ እንደተሠራ ውጤቱን ይወስናልና። ተሠርቶ የተመለሰ መውረድ ወይም ሽንት የማያስይዝ ችግር ከሆነ የማህፀንና የሽንት ፊኛ ቀዶ ሕክምና ያጠና ሰው ነው የሚፈለገው። "ለዚህ ችግር ሰብ ስፔሻሊስት ያስፈልገኛል? የትስ ይገኛል?" ብሎ መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም። ደህናው ሐኪም ራሱ ይጽፍልሻል።

የግል ክሊኒክ የምትመርጪ ከሆነ ብዙ ጊዜ ማታ የምታገኚው ቀን ሆስፒታል የነበረውን ሰው ነው። ወረፋ ታተርፊያለሽ እንጂ ሌላ ሐኪም አላገኘሽም። ፈቃዱ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የባለሙያው ስምና ደረጃ ምን እንደሚል አንብቢ። "የማህፀን ሐኪም" የሚል ማስታወቂያ ውጭ ተሰቅሎ ውስጥ የሚያይሽ ሌላ ሰው ከሆነ ተነሺ።

"ማህፀንሽ ይውጣ" ሲሉሽ

አንዳንዴ ትክክለኛው መልስ እሱ ነው። ካንሰር ከሆነ፣ ወይም ደሙ በምንም ካልቆመና ልጅ የመውለድ ሐሳቡ ካለቀ እፎይታ ነው። ግን ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ። ያለ ቀዶ ሕክምና የተሞከረ ነገር አለ? የሚወጣው ማህፀኑ ብቻ ነው ወይስ እንቁላል ማምረቻዎቹም? እነሱ ከቀሩልሽ ሆርሞንሽ ይቀጥላል፣ በአንድ ሌሊት አታረጂም። እነሱም ከወጡ የወር አበባ መቋረጥ ምልክቶች፣ ሙቀቱም ላቡም፣ ወዲያው ይመጣሉ። በሆድ ነው ወይስ በታች በኩል? በታች ከሆነ ቶሎ ትነሻለሽ። ለምን ያህል ጊዜ አልሸከምም? ስድስት ሳምንት ገደማ ይባላል፤ ለመውረድ ከሆነ ከዚያም ይረዝማል። ይህንን ባልሽና አማትሽ አብረው ቢሰሙት ደስ ይለኛል። ሐኪሙ "አትሸከሚ" ያላት ሴት በሳምንቷ እንስራ ስታነሳ የተሰፋው ሊላላ ይችላል።

ማህፀኗ የወጣ ሴት "ባዶ" አትሆንም። ቦታውን አንጀት ይሞላዋል። የወር አበባ አይመጣም፣ ልጅ አይኖርም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን የትዳር ኑሮዋ ይቀጥላል፤ ደምና ሕመም አስመርሯት ለነበረች እንዲያውም ይሻላታል። ይህን ሐኪሙ ለባልም ቢነግርልሽ ጥሩ ነው፤ ከሐኪም አፍ ሲሰማው ይቀበላል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው። የወጣው ማህፀን ወይም የተወሰደው ናሙና ወደ ፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል ይላካል። ውጤቱ ከሆስፒታል በምትወጪበት ቀን አይደርስም፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ቁስሉ ሲድን ሰው ወረቀቱን ይረሳዋል። ከደቅ ወይም ከቁንዝላ ለመጣች ሴት መመለሱ ጀልባና መንገድ ይጠይቃል፤ መንገዱ በማይመችበት ሰሞን ደግሞ ይባስ። ስለዚህ ሳትወጪ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ከየትኛው ክፍል እንደሚወሰድ፣ በማን ስልክ እንደሚደወልልሽ አስጽፊ። ከተማ ያለ ዘመድ የሚወስድልሽ ከሆነ የካርድ ቁጥርሽን ስጪው፤ ወረቀቱንም ፎቶ አንስቶ ብቻ እንዳይልክልሽ፣ ለሐኪሙ አሳይቶ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ ይላክልሽ።